ምጣዱ ሳይገለበጥ

መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። መንገደኛ የሚያውቃት በብርቱካኗና በማንጎዋ ነው፤ እኔ የማውቃት በአክስቴ ማድ ቤት ነው። አክስቴ እንጀራ ጋግራ አስፋልቱ ዳር ላሉ ሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። እኔ ደግሞ ወልድያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት ደውላ «ምጣዱ ታሞብኛል፣ ና» አለችኝ። ካቻቢቴዬን፣ ፒንሳዬንና መለኪያዬን ሸክፌ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ከዚህ በታች ያለው ያ ጭቅጭቅ ነው፤ ከእኔ ንግግር ቀንሻለሁ፣ ከእሷ ግን ብዙም አልነካሁም።

እኔ፦ በይ እቴቴ፣ ምጣዱን ላውርድና ልገልብጠው። ሽቦውን ልየው።

አክስቴ፦ ተው አንተ! ገና አረፍ ሳትል? ከአንተ በፊት የጠራሁት ጠጋኝ ልጅም እንዲሁ ነው ያለኝ። በር ላይ ቆሞ «ሽቦው አርጅቷል፣ ሙሉው መቀየር አለበት» አለና አዲስ ምጣድ የሚያስገዛ ብር ጠራ። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባላል። እናንተ አይጧንም ሳታዩ ነው ምጣዱን የምትመቱት።

እኔ፦ ታዲያ በምን ልወቅ? ሐኪም እንኳ ሳይነካ አያክምም።

አክስቴ፦ ሐኪም መጀመሪያ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጭ በል፣ አቦሉ ደርሷል።

እኔ፦ እሺ። ምኑን ነው የሚያመው?

አክስቴ፦ አይግልም። ድሮ ሶኬቱን ሰክቼ ሊጡን አቅጥኜ እስክመለስ ይደርስልኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን አቦል ጠጥቼ፣ ቶና ጠጥቼ፣ በረካ ላይ ስደርስ ነው የሚግለው። ሦስት እንጀራ ሳወጣ ደግሞ ይቀዘቅዝብኛል፤ አክንባሎውን ከድኜ እንደገና መጠበቅ ነው። በሰዓት ሃያ አወጣ የነበርኩት ሰውዬ አሥር አልሞላ አለኝ።

እኔ፦ ሰውዬ?

አክስቴ፦ ሴትዮ ልበል? ለሥራ ሲሆን ሰውዬ ነኝ። አሁን ይሄን እየው። ይሄ ትናንት ማታ የጋገርኩት ነው።

ሰፌዱ ላይ ሦስት እንጀራ ደረደረች። የማታው፣ የዛሬ ንጋቱ፣ ከጎናቸው ደግሞ ከጎረቤት ተበድራ ያመጣችው። የማታውን በመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት አንስታ ያዘችው።

እኔ፦ ዓይን የለውም።

አክስቴ፦ ዓይንማ አለው፣ ተጨፍኗል እንጂ። ሊጡ አንድ ነው፣ አብሲቱ አንድ ነው፣ እርሾው አንድ ነው። የጎረቤቴ ዓይኑ ቁልጭ ያለ፣ የእኔ የፈዘዘ። ለምን ይመስልሃል?

እኔ፦ ሊጡ ከጋለ ሸክላ ጋር ሲገናኝ ውስጡ የታፈነው አየርና እንፋሎቱ ባንዴ ወደ ላይ ይፈነቅላል። ዓይን የሚባለው የወጣበት ቀዳዳ ነው። ሸክላው ለብ ብሎ ብቻ ከጠበቀው ግን አየሩ ቀስ እያለ ያመልጣል፣ ሊጡም እላዩ ላይ ይተኛበታል።

አክስቴ፦ አሁን ሐኪም መሰልክ። ቀጥል። የማታውን ገልብጥና ጀርባውን እይ።

እኔ፦ ገርጥቷል። ግን ዙሪያውን እኩል ነው። አንድ ጎኑ ብቻ የገረጣ አይደለም።

አክስቴ፦ እሱን ነው እንድታይ የፈለግኩት። ለዚያኛው ልጅ ባሳየው «እንጀራ አይደለም የምሠራው፣ ምጣድ ነው» አለኝ።

እኔ፦ ይሄማ ትልቅ ነገር ነው። ስሚኝ። የምጣድ ሽቦ አንድ ጥቅልል ከሆነ፣ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ ከሸክላው ሥር ባለው ቦይ ዞሮ ዞሮ በሌላው ጫፍ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሽቦ ቢበጠስ ምጣዱ በግማሽ አይግልም፤ መንገዱ ስለተቆረጠ ጨርሶ ነው የሚሞተው። ሁለት ጥቅልል ያለው ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲበጠስ ግማሹ ጎን ይግላል፣ ግማሹ ይቀዘቅዛል። እንጀራሽ እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው የሚበስለው። የአንቺ ግን ሙሉ ጨረቃ ነው፣ ደብዛዛ ሙሉ ጨረቃ።

አክስቴ፦ ስለዚህ ሽቦው አልተበጠሰም።

እኔ፦ አልተበጠሰም። ወይ ሽቦው ጤነኛ ሆኖ የሚደርሰው ኃይል አንሷል፣ ወይ ደግሞ ሙቀቱ ሸክላውን ትቶ ወደ ታች እየሄደ ነው። ጀሶው ተፈርፍሮ ሽቦው ከቦዩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በሽቦውና በሸክላው መካከል አየር ከገባ ሽቦው ራሱን እያቃጠለ ሸክላው ይበርደዋል። ለዚህ ነው ልገልብጠው ያልኩት።

አክስቴ፦ ጀሶው ቢፈርስ የሆነ ቦታ ይፈርሳል እንጂ ዙሪያውን እኩል ይፈርሳል? ደሞስ ፍርፋሪው ከሥሩ አይታይም ነበር? በየቀኑ እጠርገዋለሁ።

መልስ አልነበረኝም። ሃያ ዓመት አንድ ምጣድ ፊት የቆመች ሴት የእኔን መለኪያ ሳታይ ግማሹን መንገድ ሄዳለች። እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል፦ ምጣድ ጠጋኞች የምንሳሳተው በእውቀት ማነስ ሳይሆን በችኮላ ነው። ምጣድ ሲገለበጥ የደረቀው ጀሶ ይሰነጠቃል፣ ሸክላውም ጠርዙ ይላጣል፤ ጤነኛ የነበረው ሽቦ እዚያው በእጃችን ይታመማል።

እኔ፦ እሺ፣ ሳልገለብጠው ሽቦውን ልመርምረው። ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ። መለኪያውን በስፒናው ሁለት እግሮች ላይ አደርጋለሁ። እይው፣ 13.8 ኦም ይላል።

አክስቴ፦ እሱ ምን ማለት ነው?

እኔ፦ ሽቦው ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እምቢታ ነው። ምጣድሽ ላይ 3,500 ዋት፣ 220 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። 220ን በ220 አባዝተሽ ለ3,500 ስታካፍይው 13.8 ይመጣል። ልክ የተባለው ነው። አንዱ ጥቅልል ተበጥሶ ቢሆን 27 ምናምን ይል ነበር፤ ቀጥሎ አሳጥሮት የሄደ ሰው ቢኖር ደግሞ ከ13 በታች ይወርድ ነበር።

አክስቴ፦ ሽቦ ግን አያረጅም? ልጁ እኮ አርጅቷል ነው ያለው።

እኔ፦ ያረጃል፣ ግን እንደ ሰው አይደለም። ይሄ ተራ ብረት አይደለም። ኒክሮም ይባላል፣ ኒኬልና ክሮሚየም ተቀላቅለው ነው የሚሠራው። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነው።

አክስቴ፦ ማርሽ? የመኪና ማርሽ?

እኔ፦ ስሙ ነው እቴቴ። ሰውየው የሠራው ብረት ሲቀላ እላዩ ላይ ስስ ቆዳ ያወጣል። ያ ቆዳ አየር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ሽቦውም ቀልቶ እያለ ሳይበላ ይቆያል። የዳቦ መጥበሻውም፣ የፀጉር ማድረቂያውም፣ ያንቺም ምጣድ በዚሁ ነው የሚኖሩት። ተራ ብረት ሽቦ ቢገባበት ጥቂት ጊዜ ግሎ ይቆረጣል። ኒክሮም ደግሞ ሲያረጅ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ይበጠሳል እንጂ ለሦስት ሳምንት «እየደከመ» አይኖርም።

አክስቴ፦ ልጁ ዋሸኝ በለኛ።

እኔ፦ አልዋሸም፣ አልለካም። አንዳንዴ ከመዋሸት አይሻልም።

አክስቴ፦ እንግዲህ ምጣዱ ጤነኛ ከሆነ በሽተኛዋ እኔ ነኝ?

እኔ፦ መቼ ነው የሚብሰው? ንጋት ላይ ነው ማታ?

አክስቴ፦ ማታ! ይሄን መጀመሪያ አለመጠየቅህ ገርሞኛል። ንጋት ላይ ጎረቤት ሳይነሳ ይሻላል፣ እንደ ድሮው ባይሆንም። ቅዳሜ ማታና የበዓል ዋዜማማ ተወው። የዒድ ዋዜማ ሊጤ አቦክቶ ኮምጥጦ ሊፈስ ነበር፣ ምጣዱ ግን እንደ ቤት ወለል ቀዝቅዞ።

እኔ፦ አምፖሉስ?

አክስቴ፦ ይደበዝዛል። ምጣዱን ስሰካ ጓዳ ያለው አምፖል ደንገጥ ይላል።

እኔ፦ አየሽ፣ ራስሽ ነግረሽኛል። ንጋትና ማታ የሚለያይ ሕመም የምጣድ ሕመም አይደለም፤ ምጣድ ሰዓት አያውቅም። በጋራ ትራንስፎርመር ሥር ያለ ሰፈር ሁሉ ማታ አንድ ላይ ሲጋግር፣ ሲያበራ፣ ሲያፈላ፣ ግፊቱ ይወርዳል። ሶኬትሽን ልለካው። ምንም ሳይሰካበት 212 ቮልት። አሁን ስኪው። … 182!

አክስቴ፦ ሰላሳ ቮልት ወዴት ሄደ?

እኔ፦ ቆጣሪው ጋ ልሂድና ልለካ። አንቺ እንዳትነኪው፣ ክዳኑንም እንዳትከፍቺ። … ምጣዱ ተሰክቶ እያለ እዚያ 202 ነው። አሥሩ ከውጭ መስመሩ ነው የጠፋው፣ ያን እኔ መቀየር አልችልም። ሃያው ግን ከቆጣሪሽ እስከ ማድ ቤትሽ ባለው መንገድ ላይ ነው የጠፋው። ቤትሽ ውስጥ ሌባ አለ።

አክስቴ፦ ያረቢ! ስንት ነው የሚሰርቀኝ?

እኔ፦ ምጣድሽ አሁን 13 አምፔር አካባቢ እየወሰደ ነው። ሃያ ቮልት በ13 ሲባዛ 260 ዋት። ይሄ ሁሉ ግድግዳ ውስጥ እየነደደ ነው። ቆጣሪው ይቆጥርብሻል፣ እንጀራው ግን አያገኘውም።

አክስቴ፦ ታዲያ ሃያ ቮልት ለ220 ምኑ ነው? ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም። ምጣዱ ግን በግማሽ ነው የቀዘቀዘብኝ።

እኔ፦ እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ቮልት ሲቀንስ ሙቀቱ ሁለት ጊዜ ነው የሚቀረጠው። ገበያ ስትገቢ ኬላ ላይ አንድ ጊዜ ቀረጡሽ እንበል፤ ስትወጪ በተረፈው ላይ እንደገና ቀረጡሽ። ግፊቱ አንሷል፣ ግፊቱ ስላነሰ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክም አንሷል፤ ሙቀት የሁለቱ ብዜት ነው። 220 ላይ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 182 ላይ 2,400 ገደማ ነው። ማታ ወደ 165 ቢወርድ ከ2,000 በታች ይሆናል። ቮልቱ በሩብ ሲጎድል ሙቀቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

አክስቴ፦ ይሄማ ግልጽ ነው። ሸክላ ደግሞ ስስታም ነው፤ ትንሽ ትንሽ ከሰጠኸው ለራሱ ይዞ ይቀራል። ለሊጡ የሚተርፍ ነገር የለውም።

እንደ እሷ አድርጌ ልናገረው የምችል አይመስለኝም። ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ስድሳ ሴንቲሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ሸክላ ወደ ሁለት መቶ ዲግሪ እስኪደርስ ብዙ ሙቀት ይጠጣል። በሚጠጣበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ በጎኑና በሥሩ ወደ አየር ያፈሳል። ኃይሉ አንሶ የሚግልበት ጊዜ ሲረዝም የሚፈሰውም ይበዛል። ሦስት እንጀራ ወጥቶ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

እኔ፦ አሁን ሌባውን እንፈልግ። በቅርቡ የሚቃጠል ነገር ሸቶሽ ያውቃል?

አክስቴ፦ ሸቶኛል። ማሰሻው መስሎኝ ነበር። ጎመን ዘሩን ሳበዛው እንዲህ ይሸታል።

እኔ፦ የፕላስቲክ ሽታ ነበር?

አክስቴ፦ አሁን ስትለኝ… አዎ። የጎመን ዘር ሽታ አፍንጫን ይከፍታል፣ ያ ግን ጉሮሮን ይዘጋል።

እኔ፦ ስፒናውን አሁን ነቅዬዋለሁ። እግሩን በጣትሽ ንኪው።

አክስቴ፦ ኧረ! እንደ ምጣዱ ነው! ምነው ምጣዱ እንዲህ በጋለ!

እኔ፦ አንዱ እግር ጠቁሯል፣ ሶኬቱም አንድ ቀዳዳው ዙሪያ ቡኒ ሆኗል። የሶኬቱ ምላስ ላልቶ እግሩን አጥብቆ አይዝም። የላላ ግንኙነት ይግላል፣ የጋለ ብረት ደግሞ የበለጠ ይላላል፤ በዚያው እየባሰ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ቀስ እያለ የመጣው። መስመሩን ልከተለው። … ይኸው፣ ከበሩ ጀርባ። ሁለት ሽቦ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ቀልጧል፣ ግድግዳው ጠቁሯል።

አክስቴ፦ እሱን ማድ ቤቱ ሲሠራ ነው የቀጠሉት። መብራቱ ከበራ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

እኔ፦ ሽቦውም ቀጭን ነው፣ ባለ 1.5። ከቆጣሪ እስከዚህ 25 ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ለአምፖል የተዘረጋ ነው። ምጣድሽ ብቻውን ዘጠኝ ዋት ከሚሉት አምፖሎች ወደ 390 የሚሆኑትን ያህል ይወስዳል። እስቲ ንገሪኝ፣ ብሬከሩ አይወድቅም ነበር?

አክስቴ፦ ይወድቅ ነበር። አስቸገረኝና አንዱ ትልቅ ቀየረልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም።

እኔ፦ ባለ 32 አድርጎልሻል። እቴቴ፣ ይሄ በጣም አስደንግጦኛል። ብሬከሩ የሚወድቀው ለምጣዱ ሲል አይደለም፣ ግድግዳው ውስጥ ላለው ሽቦ ሲል ነው። ሽቦው ቀጭን ሆኖ ብሬከሩን ማሳደግ ጠባቂውን አስክሮ በር ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ከበሩ ጀርባ ያለው ጥቁረት ጣሪያው ሣር ቢሆን ኖሮ…

አክስቴ፦ አውዙ ቢላህ! በቃ፣ አትጨርሰው።

እኔ፦ ደግሞ ስፒናሽ የምድር ሽቦ የለውም። ነዝሮሽ አያውቅም?

አክስቴ፦ አንዴ ነዝሮኛል፣ እሱንማ አልረሳውም። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2013 ነሐሴ መብራት ጠፍቶ ለወራት ሲቀር፣ ምጣዱን ጥግ ጥዬ ዕቃ መደርደሪያ አደረግኩት። በምርጥ ምድጃ ነበር የምጋግረው፤ እንጨት ሲጠፋ በኩበት፣ ኩበት ሲጠፋ ባገኘሁት ቅጠል። መብራት የመጣ ቀን በደስታ ሰክቼው ሊጥ በነካ እጄ ጠርዙን ስይዘው፣ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አደረቀው።

እኔ፦ ለወራት የቀዘቀዘ ሸክላና ጀሶ እርጥበት ይጠጣል። በእርጥቡ ጀሶ በኩል ኤሌክትሪኩ ወደ ላይ ይሾልካል። ረጅም ጊዜ የተቀመጠ ምጣድ መጀመሪያ ማንም ሳይነካው ሰክቶ፣ ርቆ ቆሞ እንፋሎቱን ማስጨረስ ነው። የምድር ሽቦ ቢኖረው ደግሞ ያ የሾለከው በሽቦው ወደ መሬት ይወርድ ነበር፣ በክንድሽ አይደለም። ዛሬ ሳላስገባልሽ አልሄድም።

አክስቴ፦ አብሽር፣ አልሞትኩም። ስንት ብር ነው ግን?

እኔ፦ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ ሰባ ምናምን ሜትር፣ የምድሩ ሲጨመር፤ ለምጣድ የሚሆን ጠንካራ ሶኬትና ስፒና፤ ባለ 20 ብሬከር። ልጁ ለሽቦ ቅየራ ከጠራው አይበልጥም። ቢበልጥም የምጣዱ ሽቦ ቢቀየር ኖሮ አዲሱ ሽቦ ነገ እንደዚሁ ይቀዘቅዝ ነበር።

ሱቅ ሄጄ የተመለስኩት ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ዋናውን አጥፍቼ አዲሱን መስመር ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ ሳይቀጠል በአንድ ወጥ ሽቦ ዘረጋሁት። የድሮውን ቅጥያ ቆርጬ ሳወጣ መዳቡ እንደ ከሰል ፈርፈር ብሎ እጄ ላይ ቀረ። እሷ እስከዚያ ሌላ ሥራ ይዛለች፤ ምጣዱን በማሰሻ እየወለወለች ታነጋግረኛለች።

አክስቴ፦ አንድ ነገር ደግሞ እኔ ላስተምርህ። የሚለጠፍ እንጀራ ሁሉ የሙቀት ጉድለት እንዳይመስልህ። ምጣዱ ያልተሟሸ ከሆነ ወይም በሳሙና ያጠበው ካለ፣ እሳት ላይ ብታስቀምጠውም ይለጠፋል። ጎመን ዘሩ ነው ሸክላውን የሚያለሰልሰው። ስረጨው ወዲያው ቢጨስ ደርሷል ማለት ነው፤ ዝም ካለኝ እጠብቃለሁ። መለኪያ የለኝም፣ ግን ተሳስቼ አላውቅም።

እኔ፦ በአንድ ጎን ብቻ ቢወፍርስ?

አክስቴ፦ ምጣዱ አዘንብሏል። ሊጡ ወደ ዝቅታው ይሄዳል። ከሥሩ ጠጠር ማስገባት ነው፣ ሠራተኛ መጥራት አይደለም። መሐሉ አሮ ዳሩ ጥሬ ከሆነ አክንባሎው አይገጥምም። የማሽላ ሲሆን ደግሞ ለብ ባለ ምጣድ ላይ ይሰነጣጠቃል። ማሽላውን ሲያሻሽሉ የኖሩት እዚሁ ሀብሩ፣ ስሪንቃ ምርምር ማዕከል ናቸው። ዘሩን አሻሻሉት፤ ምጣዱን ማን ያሻሽለው?

እኔ፦ ይሄን ሁሉ በስልክ ብትነግሪኝ ኖሮ መጀመሪያውኑ ሽቦ ገዝቼ እመጣ ነበር።

አክስቴ፦ አልጠየቅከኝም። «ምጣዱ ታሟል» ስልህ «መጣሁ» ብለህ ዘጋህ።

እውነቷን ነው። ሥራው ሲያልቅ ሰካነው። ቆጣሪው ላይ 201፣ ሶኬቱ ላይ 198። በመንገድ ይጠፋ የነበረው ሃያ ቮልት ሦስት ሆነ። ምጣዱም ከ2,400 ወደ 2,800 ዋት ከፍ አለ። ስፒናውን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነቅዬ ብነካው ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ጎመን ዘሩን ረጨችው፤ ጨሰ።

አክስቴ፦ ይሄ ማሟሻው ነው፣ ለአንተ። የምጣድ ማሟሻ አደረገችኝ እንዳትል። ሁለተኛውን እንይ።

ከዳር ጀምራ አዙራ ሊጡን መሐል ላይ ዘጋችው። ዓይኑ ሲከፈት እያየን ዝም አልን። ከዚያ አክንባሎውን ከደነች።

እኔ፦ ማታ ግን እንዲህ አይሆንም።

አክስቴ፦ ለምን? ሠራኸው አይደል?

እኔ፦ የቤትሽን ነው የሠራሁት። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲሰካ ከውጭ የሚመጣው ራሱ ይወርዳል። እስቲ እናያለን።

አመሸሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ምጣዱ ተሰክቶ ሶኬቱን ለካሁ፤ 170 ቮልት ነበር። 2,100 ዋት አካባቢ ማለት ነው። አክስቴ ቁጥሩን ሰምታ አልተበሳጨችም።

አክስቴ፦ ስለዚህ ማታ አልጋግርም። ከሱብሂ በኋላ እጀምራለሁ፣ ምግብ ቤቶቹ የሚፈልጉት ለምሳ ነው። ግን ሌላ ነገር አስቤያለሁ። ይሄን ቁጥር ጻፍልኝ። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም። ጎረቤቶቼ ቤትም ለካላቸውና ጻፍ። «ምጣዳችን አይግልም» ብለን ብንሄድ «ምጣዳችሁን አሠሩ» ነው የሚሉን። በወረቀት ይዘን ስንሄድ ምን እንደሚሉን አያለሁ።

በዚያ ማታ አራት ቤት ለካሁ። ሁለቱ ውስጥ የላላ ሶኬት አገኘሁ፣ በአንደኛው ደግሞ ከአክስቴ የባሰ የቀለጠ ቅጥያ። የቤቱ ባለቤት ምጣዷን ለመሸጥ ገዢ እየፈለገች ነበር። የአራቱንም ቤት ቁጥር ከቀንና ሰዓት ጋር አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ለአክስቴ ሰጠኋት።

ጠዋት ከሱብሂ በኋላ፣ ወደ ወልድያ ከመሳፈሬ በፊት፣ ሶኬቱን እንደገና ለካሁት፤ ምጣዱ ተሰክቶ 204 ቮልት ነበር፣ 3,000 ዋት ገደማ። አክስቴ በመጀመሪያው ሰዓት አሥራ ስምንት እንጀራ አወጣች። ምጣዱ እስከ ዛሬ አልተገለበጠም።